ሲሳይን የጠራው ሰው

ጋሽ ሙሄ ማረፉን የሰማሁት የተማሪዎቼን የሒሳብ ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። የደወለችልኝ የሙዚቃ ቡድናችን ድምፃዊት ዘይነባ ናት። ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም «ጋሼ አረፈ፤ ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት መርሳ ነው» አለችኝና ስልኩን ዘጋችው። ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ እንደተበተኑ ትቼ ወደ ወልድያ መናኸሪያ ሮጥኩ። ቀዩ እስክሪብቶ አሁንም እጄ ውስጥ መሆኑን ያየሁት ሚኒባሱ ከከተማ ከወጣ በኋላ ነው። አላለቀስኩም። እስክሪብቶውን ኪሴ ከትቼ በመስኮት ማሽላውን እያየሁ ሄድኩ።

ሙሉ ስሙ ሙሀመድ ነው፤ በሙሉ ስሙ የሚጠራው ግን ቀበሌ ብቻ ነበር። የመርሳ ልጅ ነው። በወጣትነቱ በኪነት ቡድን ታቅፎ አገር ዞሯል፤ ቡድኑ ሲበተን ማሲንቆውን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ ሳውቀው ወደ ስድሳው እየተጠጋ ነበር። አምስት ሰው ሰብስቦ ቅዳሜ ቅዳሜ ወልድያ አንድ ሆቴል፣ በሌላው ቀን ደግሞ ከመርሳ እስከ ውርጌሳ በየሰርጉ ይጫወታል። አምስቱ እሱ ራሱ፣ ዘይነባ፣ ከበሮ መቺው፣ ክራር ተጫዋቹና እኔ ነን። ሙቀት ሆነ ብርድ አንዲት ቡናማ ኮት አያወልቅም። ማሲንቆውን በሚስቱ አሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ነው የሚይዘው፤ ሣጥን እንግዛልህ ብንለው ሣጥን ውስጥ ሬሳ ነው የሚገባው ብሎ እምቢ አለ።

እኔ ለአገሩ እንግዳ ነበርኩ። ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ኪቦርድ የለመድኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ወሎ የትዝታና የአምባሰል አገር መሆኑን ሰምቼ ስለነበር እዚህ ሰው ትዝታ ሲጀመርለት ዓይኑን ጨፍኖ እስኪያልቅ የሚያዳምጥ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያዬ ቅዳሜ ላይ ትዝታ መሀል ተራው ሲደርሰኝ ለብቻዬ ረጅም ተጫወትኩ። በጣም ረጅም። ቀና ስል ሦስት ጠረጴዛ ባዶ ሆኗል፤ የአራተኛው ሰዎች ኮታቸውን እየለበሱ ነው።

ጋሽ ሙሄ አልተቆጣኝም። ዕቃችንን ስንሰበስብ ጠጋ ብሎ «መምህር፣ ተማሪህ የሚያዳምጥህ በሩን ስለምትዘጋበት ነው። እዚህ በሩ ክፍት ነው» አለኝ። እኔ ግን ለአንድ ሳምንት ያህል ክፍል ውስጥ በሩን በዘጋሁ ቁጥር አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን በደንብ ማየት ጀመርኩ። ሁልጊዜ የሚቀመጠው በሩ በሚታየው ቦታ ነው። ፊት አያምንም፤ ሰው ለይሉኝታ ፊቱን ያሳምራል ይላል። የሚያየው እግር ነው። ከጠረጴዛው ሥር ጫማ መነቃነቅ ካቆመ፣ ዜማው ምንም ያህል ቢያምር፣ ስንኙን አጋምሶ በቅንድቡ ለከበሮ መቺው ምልክት ይሰጠዋል። ትዝታ መጀመሪያ ላይ አያስገባም። ገና ወንበሩን ላላሞቀ ሰው ናፍቆትህን አትዘርግፍበት ይላል። አስቀድሞ ያስቃል፣ ቀጥሎ ያስጨበጭባል፣ ሰው ላብ ላብ ብሎት ቁጭ ሲል ያን ጊዜ ቀስ ብሎ ትዝታውን ያመጣዋል። እውነትም ያን ጊዜ ሰዉ ራሱ እየፈለገው ይመጣል።

ጠዋት ጠዋት መርሳ መናኸሪያ ሄዶ ሻይ ይዞ ይቀመጣል። ሥራ ፈት የሚመስለው ሰው ብዙ ነበር፤ እሱ ግን ወሬ እየለቀመ ነው። አንድ ጊዜ የወልድያ ሚኒባስ ውርጌሳ ላይ የራሱን ረዳት ረስቶ ሄደ። ረዳቱ ለሽንት ወርዶ ነው አሉ። በዚያው ቀን ከሰዓት ሰርግ ቤት ጋሽ ሙሄ ረዳቱን በስንኝ ሲጠራው፣ ሰውዬው እዚያው ሙሽሮቹ አጠገብ ተቀምጦ ኖሯል። ሰርገኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ረዳቱም ተነስቶ ከመጨፈር በቀር አማራጭ አልነበረውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። እዚህ አገር ማሲንቆ የያዘ ሰው በስምህና በአባትህ ስም ከጠራህ ቁጭ ብለህ መቅረት ነውር ነው። ትነሳለህ። መጨፈር ባትችል እንኳን ተነስተህ እጅ ትነሳለህ። ጋሽ ሙሄ ይህን ወግ እንደ ክብሪት ነበር የሚጠቀምበት። ቤቱ ሲቀዘቅዝበት ዓይኑን ያዞርና ተነስቶ ቤቱን ሊያሞቅ የሚችል አንድ ሰው መርጦ ይጠራል። በምርጫው ስቶ አላየሁትም።

ከሁሉም አብዝቶ የሚጠራው ሲሳይን ነበር። ሲሳይ ተበጀ የሲሪንቃ ልጅ ነው። እዚያው ሲሪንቃ ምርምር ማዕከል የማሽላ መደብ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል፤ በየማሽላው ራስ ላይ ወረቀት እያሰረ ቁጥር ይጽፋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ነው። ሲቀመጥ መኖሩን አታውቅም። ስሙ ሲጠራ ግን ተነስቶ ትከሻውን ሲሰብቅ ቤቱ በሙሉ ይነሳል። መርሳ ላይ የሰርግ ድግስ ካለ ጋሽ ሙሄ ገና ዕቃ ሳናወርድ «ሲሳይ መጥቷል?» ብሎ ይጠይቃል። መጥቷል ካልነው ይረጋጋል። ያ ልጅ ለእሱ ስድስተኛው የቡድኑ አባል ነበር።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ መቅረብ ሲጀምር ሰርጉም የሆቴሉም ሙዚቃ ቆመ። አንድ ቀን መርሳ ሜዳ ላይ ዘማቾች ስለሚሸኙ እንድንጫወት ተባልን። ሄድን። ሜዳው ሞልቷል፤ የሚያጨበጭብ ግን የለም። እናቶች የልጆቻቸውን ክንድ እንደያዙ ቆመዋል። አባቶች መሬት መሬት ያያሉ። ሁለት መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ጋሽ ሙሄ አንድ ፉከራ ሞከረ፣ ሌላ ሞከረ፤ ሦስተኛውን ዘይነባ አነሳችው። ወይ ፍንክች። ሰዉ እንደ ግድግዳ ቆሞ ያየናል። ጋሽ ሙሄን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ዓይኑ ሲባዝን አየሁት፤ ምን እየፈለገ እንደሆነም ገብቶኛል።

ሲሳይ ከሜዳው ዳር ባሕር ዛፍ ተደግፎ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ከሥራ ቀጥታ መምጣቱ ነው፤ ማሽላው ላይ የሚያስረው ክር አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሊያይ ነበር የቆመው። ጋሽ ሙሄ አየውና ፊቱ በራ። ማሲንቆውን ከፍ አድርጎ፦

«የሲሪንቃው ሲሳይ የተበጀ ልጅ፣
ዛሬ ቆሞ ቢያይም ነገ አይቀርም እንጅ።»

ሲሳይ ተነሳ ልል አልችልም፤ ቆሞ ነበር። እጁን ፈታና ወደ መሀል መጣ። እንደዚያ ቀን ሲጨፍር አይቼው አላውቅም። እልልታው ቀለጠ። አንድ ሰው ጠመንጃ አቀበለው፤ ከራሱ በላይ ይዞት ዞረ። ጎረምሶቹ ተከተሉት፣ ሜዳው ተናወጠ፣ አቧራው ተነሳ። ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ ባሕር ዛፉ አልተመለሰም። ወደ መኪናው ከሚሰለፉት ጋር ተሰለፈ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ለእኛ እጁን አውለበለበልን።

ጋሽ ሙሄ ደስ ብሎት ነበር። ይህን ልሸፍንለት አልፈልግም። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ሜዳውን ስላሞቅነው ደስ ብሎናል። ስፒከሩን ስንጭን ነው ድንገት ዞር ብሎ ከበሮ መቺውን «ሲሳይ ተመዝግቦ ነበር እንዴ?» ብሎ የጠየቀው። ከበሮ መቺው የሲሳይ ጎረቤት ነው። አልተመዘገበም፤ ጨው ሊገዛ ነበር የመጣው አለ። ጋሽ ሙሄ የያዘውን ገመድ ጠቅልሎ ጨረሰ። ገመዱን ፈትቶ እንደገና ጠቀለለው።

ብዙም ሳይቆይ ከተሞቹ ተያዙ። እኔ ከሕዝቡ ጋር በእግሬ ወደ ደሴ፣ ከዚያም አልፌ ሄድኩ። ጋሽ ሙሄ ሚስቱ እግሯን ስለሚያማት መርሳ ቀረ። ማሲንቆውን ጭድ ውስጥ ደበቀው። እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፈ ብዙ አልነገረኝም፤ በየቀኑ ጭዱን ከውጭ ሆኖ ያይ እንደነበር ብቻ ነው የነገረኝ። ስንመለስ የሆቴሉ መስታወት ረግፏል። ኪቦርዴ የለም፤ ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ሰዓት እላፊ ስለነበር ሙዚቃው በቀን ሆነ፤ ከምሳ በኋላ ጀምረን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጨርሳለን። ሰዉ መጣ። መጥቶ ግን እግሩን አያነቃንቅም።

እትዬ ሽታዬ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው፤ መርሳ በገበያ ቀን፣ ስፒከር እየሰቀልን ሳለ። ከሲሪንቃ በላይ ካለው ተራራ ሥር በእግራቸው ነው የወረዱት። የሲሳይ እናት መሆናቸውን ከበሮ መቺው በጆሮዬ ነገረኝ። ሴትዮዋ ማናችንንም ሳያዩ ቀጥታ ማሲንቆ የያዘው ሰው ፊት ሄደው ቆሙ።

«ሲሳይን የጠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።» ጋሽ ሙሄ ተነስቶ ቆመ። «አንቱን ለማየት አፍሬ ነው ያልመጣሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታህን ምን ላርገው» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ከቁጣ ይብስ ነበር። «ልጄ እኔ ብዙ ጊዜ ስጠራው አይሰማም። አንተ ብትጠራው ሄደ። እስቲ አሁንም ጥራው።»

እትዬ ሽታዬ የመጡበትን ያውቃሉ። የሄዱት ሁሉ ወሬያቸው ተሰምቷል፤ የሞተው መሞቱ፣ የቆሰለው መቁሰሉ ታውቋል። የሲሳይ ብቻ አልታወቀም። ማንም አላየውም። በየጽሕፈት ቤቱ ሄደው ጠይቀዋል፤ ያልተመዘገበ ሰው ስለሆነ በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም። እሳቸው እግራቸው ከመርሳ አያልፍም። ጋሽ ሙሄ ግን ከወልድያ እስከ ውርጌሳ የማይደርስበት የለም፤ በሄደበት ሁሉ ሰው ይሰበሰብለታል። ይጥራው። ያየው ሰው አይታጣም። ይህን ብለው ወደ ገበያው ገቡ።

ጋሽ ሙሄ በዚያው ቀን ጠራው። መጨረሻ ላይ ነበር ያስገባው፤ ሰው ሊሄድ ሲነሳ። ሁለት ሴቶች አለቀሱ፣ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ የመለሰ ሰው የለም። በቀጣዩ ቅዳሜ ወልድያ ላይ መጀመሪያ አስገባው፤ ያን ቀን እስከ መጨረሻው ቤቱ አልሞቀም። የሆቴሉ ባለቤት ወደ እኔ መጥቶ አንተ የተማርክ ነህ፣ ንገረው፤ ሰው እዚህ የሚመጣው ሊረሳ ነው አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ሄጄ ነገርኩት።

«መምህር፣ እኔ ስንት ዓመት ቤት ያሞቅኩት በዚህ ልጅ ነው» አለኝ። «ዛሬ እሱን ከጣልኩት ማንን ጠርቼ ነው የማስነሳው? በየት በኩል እንደማስገባው አላወቅኩበትም እንጂ መጥራቱን አልተውም።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን እንደ ሥራ ያዘው። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። ኃዘኑን ሜዳ ላይ አላፈሰሰም፤ ቦታ ፈለገለት። በመጨረሻ አምባሰል መሀል ላይ ተመቸው። መጀመሪያ የመናኸሪያውን ቀልድ ያመጣል፤ ሰዉ ስቆ አጨብጭቦ ጆሮው ሲከፈት አምባሰሉን ይጀምራል፤ ሁለት ስንኝ ስለ ፍቅር፣ ከዚያም፦

«የሲሪንቃው ሲሳይ የተበጀ ልጅ፣
የላክሁህ እኔ ነኝ ያየህ ያምጣህ እንጅ።»

ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ አንገቱ ላይ ክር ነበረው ይልና ማሲንቆውን ያቆማል። ሁላችንም እናቆማለን። እስከ ዐሥር ያስቆጥራል፤ እኔ እቆጥር ነበር። ጋሽ ሙሄ በእነዚያ ዐሥር ቁጥሮች ውስጥ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ያያል። እግር አያይም፤ ፊት ነው የሚያየው። ማንም ካልተነሳ ቅንድቡን ያነሳል፤ ከበሮው ይመታል፤ ፈጣኑን እንጀምራለን። ሰዉ ደግሞ ያን ጊዜ የሚጨፍረው ጭፈራ ከጦርነቱ በፊት ያልነበረ ነው። የሆቴሉ ባለቤትም ከዚያ ወዲያ አልተቃወመም።

ወሬው ተዛመተና ሌሎችም ስም ይዘው መጡ፤ ወንድም፣ ባል፣ ልጅ። ጋሽ ሙሄ በአንድ ቀን ከሦስት ስም በላይ አልጠራም አለ። ከሦስት ካለፈ ሰው ጆሮውን ይደፍናል፣ ያኔ ለሦስቱም አይሆንም አለ። አንዲት ሴት አራተኛ ሆና መጥታ ለሚቀጥለው ሳምንት ሲያስተላልፍባት ሰደበችው። ጭንቅላቱን ደፍቶ ተሰደበ፤ ሦስቱን ግን አላለፈም። እኔ ጨካኝ መሰለኝ። በሳምንቱ ስም የተጠራላት ያቺው ሴት ናት፤ ወንድሟ ኮምቦልቻ ሕክምና ላይ መሆኑን አንድ ሹፌር ተነስቶ ነገራት። ጋሽ ሙሄን እግሩ ላይ ወድቃ ሳመችው። እሱ ግን በዚያ ቀን ከሁላችንም በፊት ወደ ቤቱ ሄደ። የሲሳይ ስም ተጠርቶ እንደገና ማንም ሳይነሳ የቀረበት ቀን ነበር።

ውርጌሳ ላይ የሆነው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሰርግ ነበር፤ ድንኳኑ ሞልቷል። አምባሰሉ ደረሰ፣ ስሙ ተጠራ፣ አቆምን። ስድስት ላይ ስደርስ ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሰው ተነሳ። አጭር፣ ጠቆር ያለ ሰው፣ ግራ እጁ እስከ ክርኑ የለም። ዝም ብሎ ቆመ።

ሰርገኛው ሊጨፍር የተነሳ መስሎት አጨበጨበ። ጋሽ ሙሄ ማሲንቆውን ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ሰርጉን እንዳታበርደው፤ እስክመለስ ተጫወት» አለኝና ሰውየውን ይዞ ወጣ። ተጫወትኩ። ምን እንደተጫወትኩ አላስታውስም። ሙሽሮቹ ይጨፍሩ ነበር።

ሰውየው ከሲሳይ ጋር አንድ መኪና ላይ የተጫነ የውርጌሳ ገበሬ ነው። እንደነገረው ሲሳይ ከሄደ ሳምንት አልሞላውም፤ አንድ ኮረብታ ላይ በጠዋት ተመታ። ብዙ አልተሰቃየም። ያኔ ሁለት እጁ ደህና የነበረው ይህ ሰውዬና አንድ ሌላ ልጅ ከወይራ ሥር በእጃቸው ቆፍረው ቀበሩት፤ ድንጋይም ከመሩበት። ቦታውን ያሳያል። ስሙ ሲጠራ ከዚህ በፊትም መርሳ ላይ ሰምቶ ነበር፤ ሰው እያጨበጨበ እንዴት ሞቷል ብዬ ልነሳ ብሎ ፈርቶ ቀረ። ዛሬም ሊነሳ አላሰበም። እግሩ ነው ያነሳው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሙሄና እኔ ወደ ሲሪንቃ ወጣን። እኔ መሄዴ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻውን እንዳይሆን ይሆናል። እትዬ ሽታዬ ደጃቸው ላይ ማሽላ ያበጥራሉ። ጋሽ ሙሄ ማሲንቆውን እንዳልያዘ አዩና ሰፌዱን አስቀመጡ።

«ተገኘ?»

«ተገኘ እትዬ።» ከዚያ ወዲያ አልቻለም። መሬት ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ስለ ወይራውም፣ ስለ ድንጋዩም፣ በእጃቸው መቆፈራቸውንም የነገርኳቸው እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ድንጋዩ ትልቅ ነው ወይ አሉ። ትልቅ ነው አልኳቸው፤ አላየሁትም። ከዚያ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ፤ ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ግቢውን ሞላው።

ወደ ቀትር ልንሄድ ስንነሳ ሴቶቹ ደግፈዋቸው ወደ በሩ መጡ። ድምፃቸው ተዘግቷል። ጋሽ ሙሄ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሊስም ሲል እሳቸው ኮቱን ያዙት፤ ይገፉታል ብዬ ነበር።

«ሙሄ» አሉት። በስሙ ሲጠሩት ያ የመጀመሪያቸው ነው። «ስንት ጊዜ እንደጠራኸው እዚህም ይሰማ ነበር፤ ሰው ይነግረኛል። በቃ፤ ደክሞታል። ከእንግዲህ አትጥራው።»